የእማማ አስተርጓሚ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ በቴሌግራም የ4 ደቂቃ ቮይስ ደረሰኝ። የላከችልኝ ጎንደር አብረን የተማርን፣ አሁን እስራኤል ነታንያ ከተማ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የ4 ደቂቃ ቮይስ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ ፍጥነቱን ጨምሮ ነው የሚከፍተው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መሀል ላይ ስደርስ ግን ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት።

«ዛሬ እማማን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር» ትላለች። «ሐኪሙ ውጤቱን ለእኔ ነገረኝና ‹በይ ንገሪያት› አለኝ። እኔ ግን አልነገርኳትም። ‹ምን አለ?› ስትለኝ ‹ውኃ አብዝተሽ ጠጪ ነው የሚልሽ› አልኳት። ሐኪሙ ደግሞ ቀና ብሎ እያየኝ፣ ‹ተረድታለች?› ይለኛል። ‹አዎ› አልኩት። ሁለቱንም ዋሸኋቸው በቃ።»

እማማ የጓደኛዬ አያት ናቸው። ጎንደር ሳለን ሸክላ ይሠሩ ነበር። ቤታቸው በሄድን ቁጥር ጀበናው ከእሳት ወርዶ አያውቅም። ከ10 ዓመት በፊት ገደማ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ሄዱ። ጓደኛዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ዕብራይስጡን ለመደችው፤ እናቷም ሥራ ቦታ የሚያስፈልጋትን ያህል ያዘች። እማማ «ሻሎም» እና «ቶዳ» ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባንኩ ደብዳቤ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት ሁሉ የሚመጣው በእማማ ስም ሲሆን የምታነበው ግን ልጅቷ ናት።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚያ ቮይስ በኋላ ነው። እስራኤል ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ መሠረት ያላቸው ዜጎች አሉ። ስለ ዘመቻ ሙሴና ስለ ዘመቻ ሰሎሞን ብዙ ተብሏል። በግንቦት 1991 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ እንደተጓጓዘ ሁላችንም ሰምተናል። ያኔ ከአውሮፕላኑ የወረደው የ40 ዓመት ጎልማሳ ግን ዛሬ ከ70 በላይ ነው። ስለ እሱ ማን ይጽፋል? ማንስ ያጥበዋል፣ ማን መድኃኒቱን ያስታውሰዋል?

መጀመሪያ ስለ ዕድሜ እናውራ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። እማማ መታወቂያቸው ላይ 77 ዓመታቸው ነው። በቤተሰቡ ሒሳብ ግን 85 ሞልቷቸዋል፤ ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ ይሉ ነበር አሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ወረቀት ስለሌለው የብዙዎቹ ዕድሜ እዚያ ሲደርሱ በግምት ተጻፈ። ጡረታውም፣ ድጎማውም፣ የአረጋውያን አገልግሎቱም የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ነው። አንዱ በግምት 10 ዓመት ከተቀነሰበት፣ ወገቡ ጎብጦም «ገና ነህ» ይባላል ማለት ነው። ዕድሜን በፍርድ ቤት ማስተካከል ይቻላል። ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ምስክር የሚሆኑት እኩዮች ደግሞ እያለቁ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። የእስራኤል ብሔራዊ የኢንሹራንስ ተቋም («ቢቱዋህ ለኡሚ» ይሉታል) በ1986 በወጣና በ1988 ሥራ በጀመረ ሕግ መሠረት፣ ራሳቸውን መርዳት ላቃታቸው አረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ይከፍላል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሽማግሌው ተቋም ከሚገባ ቤቱ ይቆይ፣ ረዳት እዚያው ትምጣለት። ከ2018 ማሻሻያ ወዲህ 6 ደረጃ አለው፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር በሳምንት የሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት ይጨምራል። ሰዓቱን በሙሉ ለረዳት ማዋል ግዴታ አይደለም፤ ከፊሉን ወደ ቀን ማዕከል መሄጃ፣ ወደ አደጋ ጊዜ መጥሪያ ቁልፍ፣ ወደ ዳይፐር ወይም ወደ ልብስ አጠባ መቀየር ይቻላል።

ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል አይደል? እማማ ግን መጀመሪያ ሲያመለክቱ ተከለከሉ።

የተከለከሉበት ምክንያት ነው የሚያስቀውም የሚያናድደውም። ተቋሙ ሰው ቤት ድረስ ይልካል። የምትመጣዋ ገምጋሚ አመልካቹ ብቻውን መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስና መጸዳዳት ይችል እንደሆነ ታያለች፤ ብቻውን ቢተው አደጋ ይኖረው እንደሆነም ትጠይቃለች። እማማ እንግዳ እንደሚመጣ ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው በልጃቸው እርዳታ ታጠቡ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁ። እንግዳ ተቀምጦ አይቀበሉማ!

«እንዴት ነሽ?» ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።» ጓደኛዬ ተረጎመች።

«ብቻሽን ትታጠቢያለሽ?» «ምን አጥቼ! ሰው ያጥበኝ እንዴ?» እሱንም ተረጎመች።

«ምግብ ታበስያለሽ?» «ቡና አፍልቼልሽ ልትሄጂ ነው እንዴ ሳትጠጪ?»

ገምጋሚዋ ቡናውን ጠጥታ፣ አመስግና ሄደች። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ አመልካቿ ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ ይላል። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ወድቀው የነበሩት ሴትዮ ማለት ናቸው።

እኔ በዚህ ገምጋሚዋን አልወቅስም። ያየችውን ነው የጻፈችው። ግን የእኛን ሰው አስቡት፤ ራሱን ታሞ እንኳ «ደህና ነኝ» ሳይል «አሞኛል» የሚል አረጋዊ ታውቃላችሁ? ሰላምታችን ራሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካላለ አያልቅም። ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ «ትችላለህ?» ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን «ወድቀሃል እንዴ?» እንደማለት ይሰማል። ማን አዎ ይላል?

ጓደኛዬ ሁለተኛ ጊዜ ስታመለክት ነገሩን ቀየረችው። የማዘጋጃ ቤቱ ሶሻል ወርከር፣ ራሷም የማኅበረሰቡ ልጅ ናት፣ ምክር ሰጠቻት፤ «ትችላለች አትበሉ፣ ስትሠራ አሳዩ። ከወንበር ስትነሣ ትያት። የሐኪም ወረቀት፣ የወደቀችበትን ቀን የያዘ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አያትሽ እንግዳ ስትቀበል ሳይሆን እንደ አዘቦት ቀን ትያት።» ነጭ ቀሚሱን ጓደኛዬ ደበቀችው። እማማ ለ3 ቀን አኮረፏት። ሰዓቱ ግን ተፈቀደ።

የተላከችው ረዳት አማርኛ ተናጋሪ ናት። ይህ ዕድል ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ። ሙሉ ቀን ረዳት የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን ዘንድ ደግሞ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከስሪላንካና ከሞልዶቫ የመጡ ተንከባካቢዎች አብረው ያድራሉ። የዚያን ሥራ ክብደት ቤይሩት ወይም ሪያድ ዘመድ ያላችሁ ሳትነገሩ ታውቁታላችሁ።

ከመንግሥቱ ገንዘብ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ያቆሙት ነገር ነው። እማማ ከወደቁ በኋላ መራመጃና የመታጠቢያ ወንበር ያስፈልጋቸው ነበር። ጓደኛዬ ልትገዛ ስትል ጎረቤቷ «ለምን ትገዣለሽ? ያድ ሣራ ሂጂ» አለቻት። ያድ ሣራ የሕክምና ዕቃ የሚያውስ ድርጅት ነው። ዊልቸር፣ ክራንች፣ የኦክስጅን መሣሪያ፣ ምን የሌለ አለ። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ዕቃውን ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ።

አጀማመሩን ስሙልኝ። በ1970ዎቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ዑሪ ሉፖሊያንስኪ የሚባል ወጣት መምህር ልጁ ታሞበት የእንፋሎት መተንፈሻ ማሽን ከጎረቤት ተዋሰ። ማሽኑ ብዙ ቤት እንደሚፈለግ ሲያይ ጥቂት ገዝቶ ለሌሎች ያውስ ጀመር። ሰውም እየመጣ ቤት የተቀመጠ ክራንች፣ አያት ትቶት የሄደውን ዊልቸር ይሰጠው ጀመር። በ1976 ድርጅት ሆነ፤ ስሙም በናዚ እልቂት ለሞተችው አያቱ ለሣራ መታሰቢያ ወጣ። ዛሬ በመላው አገሪቱ ከ100 በላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ሥራውን የሚሠሩት በብዛት በጎ ፈቃደኞች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ሰውዬው ራሱ ኋላ የኢየሩሳሌም ከንቲባ ሆነ። ሁሉም የተነሣው ከአንድ የውሰት ዕቃ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ስንት ቤት አልጋ ሥር የተኛ ዊልቸር እንዳለ ሳስብ... ልተወው።

አይሁዶች ይህ ዓይነት ነገር ከጥንት የመጣ ልማዳቸው ነው። በሽተኛ መጠየቅ ለብቻው ስም ያለው ግዴታ ነው፣ «ቢኩር ሆሊም»። ቀብር የሚያስፈጽመው ማኅበር «ሔቭራ ካዲሻ» ይባላል። ያለ ወለድ ብድርም ሆነ ዕቃ የሚሰጠው «ገማህ»፣ የሙሽራ ቀሚስ ከማዋስ እስከ ሕፃን አልጋ ድረስ ይደርሳል። ኒው ዮርክ ላይ በ1892 ለስደተኞች ያለ ወለድ ማበደር የጀመረው ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። እድርና እቁብ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። የእኛ እድር ግን፣ እንነጋገር ከተባለ፣ ሰው ሲሞት ነው ነፍስ የሚዘራው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ወዲያው ይወጣል። አስከሬኑ ከመሆኑ በፊት ለነበሩት 6 የአልጋ ዓመታት ግን መዝገቡ ላይ አንቀጽ የለውም። መቄዶንያን የመሰለ ቦታ ባይኖር ኖሮ የወደቁት ጉዳይ የማን ይሆን ነበር?

ሌላም ልንገራችሁ። እስራኤል ውስጥ «ደጋፊ ማኅበረሰብ» የሚሉት አሠራር አለ። አረጋውያኑ ቤታቸው ይኖራሉ፤ በወር መጠነኛ መዋጮ ይከፍላሉ። በምላሹ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ፣ ሲያማቸው ሐኪም የሚጠሩበት መስመር፣ አብረው የሚውሉበት ዝግጅት ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሰው ይመደብላቸዋል፤ መጠሪያው «የማኅበረሰቡ አባት» ነው። ይህ ሰው አምፖል ይቀይራል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል፣ ስልክ ደውሎ «አደራችሁ እንዴት ነው?» ይላል። አምፖል መቀየር ቀላል ነገር ይመስላል፤ የ80 ዓመት ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ሲቀይረው የዳሌ አጥንት ስብራት ነው።

አሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ማንሃተን ውስጥ ፔን ሳውዝ የሚባል፣ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ማኅበር ያስገነባው፣ በ1962 የተመረቀ የኅብረት ሥራ መኖሪያ አለ። 2,820 ገደማ አፓርታማ ነው። በወጣትነታቸው የገቡት፣ ብዙዎቹ አይሁድ የሆኑ ሠራተኞች፣ ሳይወጡ አብረው አረጁ። በ1980ዎቹ አስተዳደሩ ሲመለከት ሕንፃው ሳያስበው የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል። ሰዎቹን አውጥቶ ወደ ተቋም ከመበተን፣ በ1986 በከተማው የአይሁድ የእርዳታ ፌዴሬሽን ድጋፍ ነርሷም ሶሻል ወርከሯም እዚያው ሕንፃ ውስጥ እንዲሠሩ ተደረገ። ነገሩ ስለሠራ በ1990ዎቹ የኒው ዮርክ ግዛት በሕግ አጽድቆ በጀት መደበለት፤ ዛሬ በከተማው ውስጥ በተለያየ ሠፈር፣ አይሁድ ላልሆኑም፣ ይሠራል። እኛም ኮንዶሚኒየም የገባነው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነው። 5ኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ወደ እማማ ልመለስ፤ ያ ቮይስ ስለ ምን እንደነበር ገና አልነገርኳችሁም።

የመርሳት ሕመም ምርመራ ነበር። በአማርኛ «ጃጅተዋል» ብለን የምናልፈው ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ በሽታ አያስመስለውም፣ ዕድሜ ያመጣው ጣጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህም ሐኪም ጋ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ምርመራው ደግሞ ለተማረ ሰው የተሠራ ነው። ሐኪሙ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ የተጣመሩ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾች ይህን አስመስለሽ ሳይ ይላል። እማማ በሕይወታቸው እስክሪብቶ ይዘው አያውቁም። ጭቃ ቢሰጣቸው ቅርጹን አድቦልቡለው ያሳዩት ነበር።

ከዚያ «ወሩ ማን ነው?» ተባሉ። «ጥቅምት» አሉ። ጓደኛዬ ቶሎ ብላ «ኦክቶበር» ብላ ተረጎመች። ቀኑ ኖቬምበር 3 ነበር። ሐኪሙ ስሕተት ብሎ ጻፈ። ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳ ላይ ስታየው ነው የደነገጠችው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ነው፣ እማማ ልክ ነበሩ። «የሳተችው እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ» አለችኝ። «ስንት ነገር እንደዚህ ተርጉሜ ይሆን?»

ለዚህ ነው የቤተሰብ ልጅ አስተርጓሚ እንዳይሆን የሚመከረው። ልጅ ይወዳል፣ ስለዚህ ይቀንሳል። ያፍራል፣ ስለዚህ ይዘላል። አያቱን ስለ ሽንት መቆጣጠር መጠየቅ ያለበት የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አስቡት። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና በ2013 ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ አዟል። አማርኛን የሚጨምር የስልክ ትርጉም አገልግሎትም አለ። ሐኪሙ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ባለሙያው በመሀል ይተረጉማል። ጓደኛዬ ስለዚህ የሰማችው ለዓመታት ራሷ ስትተረጉም ከኖረች በኋላ ነው። አለ መባሉና መታወቁ የተለያየ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ እሷን ማን ይንከባከባታል? እስራኤል ውስጥ ወላጁ የታመመበት ሠራተኛ ከራሱ የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 6 ቀን መውሰድ ይችላል። ይህ ግን ለእናትና ለአባት ነው፤ ለአያት አይሠራም። ስለዚህ እናቷ የፋብሪካ ፈረቃዋን ላለማጣት ስትሮጥ ጓደኛዬ ትምህርቷን ትቀጣለች። አንድ ሴሚስተር አቋርጣለች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተቀየረም፤ እንደ አየር ንብረት ነው ያወራችው። እማማን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ቀን ማዕከል መላክ ከጀመሩ ወዲህ ነው ትንሽ የተነፈሰችው። ጠዋት ሚኒባስ ይወስዳቸዋል፣ ምሳ እዚያ ነው፣ አማርኛ የሚያወሩ እኩዮች አሉ። በሬዲዮ ሬካ የሰሙትን የአማርኛ ዜና አንሥተው ይጣላሉ፤ አንዲቷ ሁልጊዜ ተቃራኒ ናት አሉ።

ሚያዝያ ላይ ሐኪሙ ጋ እንደገና ቀጠሮ ነበራቸው። ጓደኛዬ ገና ሳይቀመጡ «ዛሬ የልጅ ልጅ ነኝ፣ አስተርጓሚ ደውሉልን» አለች። ተደወለ። ከስልኩ የወንድ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» ሲል እማማ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «አገርህ ወዴት ነው?» አሉ። «አርማጭሆ።» «የማን ልጅ?» ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። የአባት ስም፣ የአያት ስም ተቆጠረ፤ በሩቅ ተዛመዱ። ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የተገባው።

ሰውዬው ምንም ሳይቀንስ ነገራቸው። ማስታወስ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ መድኃኒቱ እንደማያድን፣ ምናልባት ግን እንደሚያዘገየው። እማማ ሰሙ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «እስከ ስግድ አውቃቸዋለሁ?»

ሐኪሙ ስግድ ምን እንደሆነ አላወቀም ነበር። አስተርጓሚው ከኪፑር 50 ቀን በኋላ እንደሚውል፣ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገሪቱ በዓል እንደሆነ አስረዳው። ሐኪሙ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። «አዎ» አለ፣ «እስከዚያ እንደሚያውቋቸው አስባለሁ።»

በዚህ ዓመት ስግድ ቀን ከኢየሩሳሌም ፎቶ ላከችልኝ። እማማ ከያድ ሣራ በተዋሰችላቸው ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቄሶቹ ባለቀለም ጃንጥላ ይዘው ከኋላ ይታያሉ። ነጩ ቀሚስ ተመልሷል። ማታ ደወሉልኝና ስልኩን ለእሳቸው ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነበርክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የእናቴን ስም ሲሰሙ ሳቁ፣ የምጣድ ዕዳ እንዳለባትም አስታወሱ። ከደቂቃ በኋላ እንደገና «የማን ልጅ ነበርክ?» አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከጓደኛዬ አጭር ጽሑፍ መጣ፦ «ነገም ብትጠይቅህ እንደ አዲስ ንገራት እሺ? ደስ ይላታል።»